አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፤ ስማችን በደብተሩ ላይ እንዴት ይጻፍ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ ሁላችሁም ቁጥር ትጠብቃላችሁ። የዓመቱ ሪፖርት ከምሳ በኋላ ስለሚቀርብ አብሽሩ፣ አይቀርባችሁም። አሁን የምናወራው ከቁጥሩ በስተግራ ስላለው ዓምድ፣ ስለ ስም ነው። ማን ወይዘሮ ይባላል? ማን በስሙ ብቻ ይጠራል? ማንን አንቺ እንላለን፣ ማንን እርስዎ? «ይሄ ደግሞ የሂሳብ ሰው ጉዳይ ነው ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እስከ ዓምና ድረስ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

ነገሩን ያስነሳብን የራሳችን ስህተት ነው። ዓምና በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት አባላችን ተነስታ የጥር ወር መዋጮዋ በደብተሯ ላይ እንዳልሰፈረ ጠየቀች። ይህች ልጅ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዋም የማኅበራችን አባል ናቸው፤ በዕለቱ ከፊቷ ሁለት ወንበር ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ገና ንግግሯን ስትጀምር አሠሪዋ ዞር ብለው «አንቺ፣ ቁጭ በይ፤ ትልልቅ ሰዎች እያወሩ አይደለም እንዴ?» አሏት። ቁጭ አለች። እኛም ከወረቀታችን ቀና አላልንም። በቃለ ጉባኤውም ላይ አልተጻፈም።

ከሦስት ወር በኋላ ደረሰኞችን ከመዝገቡ ጋር ስናስታርቅ ገንዘቡ ተገኘ፤ የሌላ አባል ገጽ ላይ ገብቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሞክሼ ናቸው። አንደኛዋ በደብተራችን ላይ «ወ/ሮ» ተብለው ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ስም ተመዝግበዋል። ልጅቱ ግን በስሟ ብቻ ነው የገባችው። በተመዘገበች ዕለት የአባቷን ስም የጠየቃት የለም። ከስሟ አጠገብ በእርሳስ የጻፍነው የማን ቤት ሠራተኛ እንደሆነች ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም አጭር፣ መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ረጅም ሲሆን እጃችን ወደ ረጅሙ ሄደ። ገንዘቡን ወደ ገጿ መልሰን ይቅርታ ጠየቅናት። የመለሰችልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ እኮ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር» አለች።

ይህን ስንሰማ ሁለት ነገር አብሮ ታየን። ደብተሩ ላይ ማዕረግ የነፈግናት ሴት በአዳራሹም ውስጥ ድምፅ አልነበራትም። ሁለቱ ተለያይተው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም። አንድን ሰው «ና» ለማለት እንኳ አስቀድመን መወሰን አለብን። ና ነው፣ ነይ ነው ወይስ ይምጡ? ሰውየውን ከበላያችን ወይስ ከበታቻችን እንደምናየው ሳንገልጽ አንድ ግሥ ከአፋችን አይወጣም። የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ቢሆንም ያው ነው፤ ሄደች ወይም ሄዱ ማለታችን አይቀርም። ትንሽ ቆም ብላችሁ ብታስቡት ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር አለ። አንተ እና አንቺ ወንድና ሴት ይለያሉ። እርስዎ ግን አይለይም። «እርስዎ መጡ» ስንል ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በአማርኛ አንድ ሰው ሲከበር ፆታው ይቀራል። ሴትነታችን በየግሡ ላይ የሚቆጠረው አንቺ እስከተባልን ድረስ ነው። (አንቺ መባል ሁልጊዜ ንቀት ነው ማለታችን አይደለም። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጠው አንቺ ትለዋለች፤ ጓደኛሞች ሴቶችም ሲዋደዱ አንተ ይባባላሉ። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።)

እርስዎ የሚለው ቃል ራሱ ከራስ የመጣ ነው፤ እርሱ፣ እርሷ፣ እርሳቸው ሁሉ ሥራቸው ርእስ የሚለው የግዕዝ ቃል ነው። በገጠሩ ወሎ እናቶቻችን የሚሉት አንቱ ደግሞ ከግዕዙ አንትሙ፣ ማለትም ከእናንተ ጋር ዝምድና አለው። አንድን ሰው ለማክበር እንደ ብዙ ሰው መቁጠር ነው። በዚህ ብቸኛ እንዳልሆንን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ «ወ/ሮ» እንምጣ። ደሴ ላይ ቆሞ ስለ ወይዘሮ ማውራት ቀላል ነው። የከተማችን ትልቁ ትምህርት ቤት የቆመው በአንዲት ወይዘሮ ስም ነውና። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ወይዘሮ ስህን ስንል ትምህርት ቤቱን እንጂ ሴትዮዋን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤት፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች ብቻ የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። አባት ንጉሥ፣ ልጅ ወይዘሮ፣ የልጅ ልጅ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑ እቴጌ። በዚያን ዘመን ወይዘሮ መባል ማግባትን ሳይሆን ዘርን ያመለክት ነበር፤ ከነገሥታት ዘር የተወለደች ሴት ናት ማለት ነው። የአፄ ምኒልክ ልጅ ሸዋረጋም ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ። ዘውዲቱም በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት እስኪባሉ ድረስ ወይዘሮ ዘውዲቱ ነበሩ። አሁን ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እህታችን በመታወቂያዋ ላይ የያዘችው ማዕረግ የንጉሠ ነገሥት ልጆች ይዘውት የነበረው ነው። አቶም ቢሆን በአንድ ወቅት ለማንም የሚባል አልነበረም።

ማዕረግ እንደ ገንዘብ ነው፤ በብዛት ሲታተም ዋጋው ይወርዳል። ይህን የምንለው በቅሬታ አይደለም። ወይዘሮ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገበያ መድረሱ ጥሩ ነገር ነው። የቸገረው መንገድ ላይ ትርጉሙ መለወጡ ነው። የዘር ምልክት የነበረው የጋብቻ ምልክት ሆነ። ወንዱ አግብቶም ሳያገባም አቶ ነው፤ ሴቷ ግን ገና ስሟን ስትናገር ባል እንዳላትና እንደሌላት ትመሰክራለች።

ስለ ልጅ ኢያሱም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የወሎ ሰው ሆኖ ይህን የማያወራ የለም። አገሪቱን ከ1906 እስከ 1909 ዓ.ም. የመሩት ዘውድ ሳይጭኑ ስለነበር ማዕረጋቸው እስከ መጨረሻው ልጅ ነው፤ ዛሬም በታሪክ የምንጠራቸው ልጅ ኢያሱ እያልን ነው። እኒሁ ልጅ ግን አባታቸውን ራስ ሚካኤልን በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ አሰኙ። በማዕረግ ልጅ የሆነ ሰው አባቱን አነገሠ ማለት ነው! ማዕረግና ሥልጣን ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ እንደማይቀመጡ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ከየት ይመጣል?

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ደግሞ እዚሁ ከተማችን አለ፤ አይጠየፍ ይባላል። ሰውን አይጠየፍም፣ ሁሉን ያበላል ለማለት ነው። ስሙ ደስ ይላል። ነገር ግን በድሮው የግብር ሥርዓት ሰው ወደ አዳራሽ የሚገባው በየማዕረጉ ነው። ቀድሞ የሚገባና ኋላ የሚገባ፣ ለንጉሡ የሚቀርብና በሩ አካባቢ የሚቀመጥ ነበር። ሁሉም ይበላል፤ ሁሉም እኩል አይቀመጥም። የእኛን ስብሰባ ያየ ሰው ከዚህ ብዙ የራቀ አያገኝም። የፊት ወንበር ማን እንደሚቀመጥበት ማንም ሳይናገር ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ሁሉ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስንነጋገር አንዲት አባላችን ሳቀች። እሷ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። «ይሄ እኮ የሼክስፒር ጉዳይ ነው» አለችን። እኛ ስለ ሼክስፒር የምናውቀው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሀምሌትን፣ ከበደ ሚካኤል ደግሞ ሮሚዎና ዡልዬትን ወደ አማርኛ እንደመለሱ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እሷ ግን በቡና ሰዓት ቁጭ አድርጋ አንድ ትዕይንት ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ከአእምሯችን አልወጣም፤ ምክንያቱም የብድር ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቋንቋው ያለችንን እንንገራችሁ። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን «ዩ» ብለው ሁሉንም ይጠራሉ፤ ንጉሡንም ሊስትሮውንም። ሼክስፒር በጻፈበት ዘመን ግን፣ ከ400 ዓመት በፊት፣ እንግሊዞችም እንደኛ ሁለት ነበራቸው። «ዛው» የሚባለው እንደ አንተና አንቺ ነው፤ ለበታች፣ ለልጅ፣ ለወዳጅ፣ ለተጣሉት ሰው፣ ለፈጣሪም ይነገራል። «ዩ» መጀመሪያ እናንተ ማለት ነበር፤ በኋላ ለአንድ የተከበረ ሰውም ሆነ። እነሱም ሰውን ሲያከብሩ እንደ ብዙ ይቆጥሩታል፤ ልክ እንደኛ አንቱ። የቲያትሩ ተመልካች አንድ ሰው ከዩ ወደ ዛው ሲዞር ሲሰማ አንድ ነገር እንደተለወጠ ይገባዋል።

የሴቶቹ ማዕረግም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። «ሚስትረስ» ማለት እመቤት ነው፤ ቤት የምታዝ፣ ሠራተኛ ያላት፣ ደህና ኑሮ ያላት ሴት። ያገባችም ያላገባችም ሴት ሚስትረስ ልትባል ትችል ነበር። ከዚያ በታች ያለችው የሠርቶ አደር ሚስት «ጉድዋይፍ» ትባላለች፤ ከበላይ ደግሞ «ሌዲ» እና «ማዳም» አሉ። ያ ሚስትረስ የሚለው ቃል በዘመን ብዛት ለሁለት ተቆርጦ ዛሬ በቅጽ ላይ የምንሞላቸው ሚስስ እና ሚስ ሆነ። የደረጃ ማዕረግ ወደ ጋብቻ ማዕረግ ወረደ፤ በወይዘሮም ላይ የሆነው ይኸው ነው። አገልጋዮች እመቤቴ ከማለት ያሳጠሩት እሜቴም የዚያው የሚስትረስ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ትዕይንቱ ያለው «ሄንሪ አራተኛ» በተባለው ተውኔት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ መጠጥ ቤት ያላት አንዲት ባልቴት አለች፤ ስሟ ሚስትረስ ክዊክሊ ነው። አንድ ወፍራም፣ አፈ ጮሌ፣ የማይከፍል ደንበኛ አላት፤ ሰር ጆን ፎልስታፍ ይባላል። ሰር የባላባት ማዕረግ ነው። ዕዳው 100 ማርክ ደርሷል። ማርክ ማለት የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ከ66 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት የሚያስለቅስ ገንዘብ። ሴትዮዋ ሲመራት ሁለት የሕግ አስከባሪዎች ይዛ ልታስይዘው መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። ግርግር ይነሳል፤ የአገሪቱ ዋና ዳኛ በዚያ ሲያልፍ ይደርስባቸዋል። እሷም ለዳኛው አቤት ትላለች።

አቤቱታዋን ልብ ብላችሁ አድምጡ። ፎልስታፍ ቆስሎ ቁስሉን ስታጥብለት አገባሻለሁ ብሎ ምሏል። የማለበትን ጽዋ፣ የተቀመጡበትን ክፍል፣ ቀኑን ሳይቀር ታስታውሳለች። (እንደዚህ ያለ ምስክር ለሂሳብ ሰው ወርቅ ነው።) በዚያው ሰዓት የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ ጉድዋይፍ ኪች፣ ለምግብ የሚሆን ኮምጣጤ ልትበደር ትገባለች፤ ክዊክሊንም «ጎሲፕ» ብላ ትጠራታለች። ጎሲፕ ዛሬ ሐሜት ማለት ሆኗል። ያኔ ግን በክርስትና የተዛመደ ሰው፣ እኛ አበልጅ የምንለው ነበር። ጎረቤቷ ወጥታ ስትሄድ ፎልስታፍ ሚስትረስ ክዊክሊን ከእንደነዚህ ካሉ ድሆች ጋር እንዳትቀራረብ ይመክራታል፤ በቅርቡ ማዳም ብለው ይጠሩሻል ይላታል። ከዚያ ይስማታል። ከዚያ 30 ሺሊንግ እንድታመጣለት ይልካታል።

እኛ እዚህ ላይ ቡናችንን አስቀመጥን። ሰውየው መያዣ አላመጣም፣ ዋስ አልጠራም። ያስያዘው ማዕረግ ነው፤ ያውም ገና ያልሰጣትን። አንቺን እመቤት አሰኝሻለሁ ብሎ 30 ሺሊንግ ወሰደ። ለዚያች እመቤትነት ሲልም አበልጇን አስጣላት፤ ኮምጣጤ የምትበደራትን፣ ነገ ብትታመም የምታስታምማትን ሴት።

አሁን መምህርቷ ያሳየችንን ነገር ተመልከቱ። ክዊክሊ ይህን ሁሉ ስትናገር ባላባቱን የምትጠራው ዛው እያለች ነው፤ አንተ ምለህልኛል፣ አንተ ስመኸኛል እያለች። ዳኛው ፊት፣ ሕግ ከጎኗ ቆሞ፣ ባላባቱን ዝቅ አድርጋ ትጠራዋለች። ዳኛውም ክፈል ይለዋል። ፎልስታፍ ግን ወደ ጎን ይስባታል፤ በጨዋነቴ እምላለሁ ይላታል። እሷም «ይህን ከአሁን በፊትም ብለውኛል» የሚል መልስ ትሰጠዋለች፤ ቃሉ ግን ዩ ሆኗል። እርስዎ ብላዋለች! ያቺ አንዲት ቃል ስትለወጥ ክሱ አለቀለት። እሱ 10 ፓውንድ ይጠይቃታል። እሷ የብር ዕቃዎቿን ማስያዝ ስለከበዳት 20 ኖብል ይሁን ትለዋለች፤ 6 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ መሆኑ ነው። እሱ ይቅር ብሎ ሲያኮርፍ ደግሞ ቀሚሴን አስይዤም ቢሆን እሰጥዎታለሁ ትላለች። ልታስይዘው የመጣች ሴት ጨምራ አበድራው፣ እራት ጋብዛው ተመለሰች። አላገባትም። በሌላ ተውኔት ሲሞት ያስታመመችው ግን እሷው ናት።

በዚሁ በፎልስታፍ ላይ ያልተሸነፉ ሴቶችም አሉ፤ በሌላ ተውኔት ውስጥ ሚስትረስ ፎርድና ሚስትረስ ፔጅ የተባሉ ሁለት ጎረቤታሞች። የባሎቻቸው የገንዘብ ቦርሳ በእጃቸው እንደሆነ ሰምቶ ለሁለቱም የፍቅር ደብዳቤ ይልክላቸዋል። ሴቶቹ ደብዳቤያቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስተያዩ ከስም በስተቀር ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኙት። በእኛ ቋንቋ ሰነድ አስታረቁ ማለት ነው። ከዚያ በቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ደብቀው ወንዝ አስጣሉት። በባላባት ማዕረጉ አልደነገጡም፤ ምክንያቱም ተማክረዋል። ክዊክሊ ግን ያኔ የምትማከራት አበልጅ አጠገቧ አልነበረችም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ የብድር መዝገብ ውስጥ ፎልስታፍ የለም፤ ይህን በሙሉ ልብ እንናገራለን። የክዊክሊ ችግር ግን አለ። በዕድሜ የከበሩ አንዲት እናታችን ብድር ወስደው አራት ወር ሳይከፍሉ ቆዩ። የብድር ኮሚቴው አባላት ወጣቶች ናቸው። አንዳቸውም አልደወሉም። «እትዬን ምን ብዬ ነው ገንዘብ አምጡ የምላቸው?» ነበር መልሱ። በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት አባላችን ሁለት ሳምንት ብትዘገይ ሦስት ጊዜ ተደወለላት፤ «አንቺ፣ ብሩን መቼ ነው የምታመጪው?» እየተባለች። የሁለቱም ውል አንድ ነው፤ በአንድ ቀን የተፈረመ፣ አንቀጹ አንድ። ልዩነቱ አንቺና እትዬ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ገንዘብ ያዣችን እትዬ ቤት ሄደች። እሳቸው ደነገጡ። ልጃቸው በየወሩ የሚከፍል መስሏቸው ነበር። «አራት ወር ሙሉ ሰው እንደ ባለ ዕዳ ሲያየኝ፣ አንድ ሰው አይነግረኝም?» ብለው አለቀሱ። አክብረናቸው ጎዳናቸው። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የቀረባቸውን ራሳቸው ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ሰው እየሳቀም ቢሆን።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሰውን እኩል ለመጥራት ሁለት መንገድ አለ፤ ሁሉን ወደ ታች ማውረድ ወይም ሁሉን ወደ ላይ ማውጣት። ኩዌከር የሚባሉት የእንግሊዝ ሃይማኖተኞች በ17ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያውን ሞክረዋል። ዳኛም ይሁን ባላባት ለሁሉም ዛው አሉ፤ ለዚህም ተደበደቡ፣ ታሰሩ። እኛም በደርግ ጊዜ ጓድ የሚል ቃል ነበረን። ጓድ ወንድም ሴትም፣ ያገባም ያላገባም አይለይም፤ እንደ ቃል ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያለው ጓድ ሊቀመንበር ይባል ነበር። ጓድ ብሎ ጀምሮ አንተ ብሎ የጨረሰው ደግሞ ማን ነው? ግሡ እርስዎ ላይ ቀረ። እንግሊዝኛው ራሱ የሄደው በሁለተኛው መንገድ ነው። ዛው ከዕለት ተዕለት ንግግር ጠፍቶ ሁሉም ዩ ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ወጣ።

የሂሳብ ክፍል የሚያቀርበው ሐሳብም ይህንኑ የሚመስል ነው። በጉባኤ ሰዓት፣ ከሰብሳቢዋ ወንበርና ከሂሳብ ጠረጴዛ፣ ለሁሉም አባል እርስዎ እንበል። ለሃያ ዓመቷም ለሰባ ዓመቷም፣ ለአሠሪዋም ለሠራተኛዋም። የክፍያ ማስታወሻ ሲደወል ዓረፍተ ነገሩ አንድ ይሁን፤ «ቀሪ ሂሳብዎ ይህን ያህል ነው፣ የመክፈያ ቀንዎ ይህ ነው» ብቻ። ማክበርና መጠየቅ አይጣሉም። ክዊክሊን የጎዳት እርስዎ ማለቷ አይደለም፤ እርስዎ ስትል መቶ ማርኩን መርሳቷ ነው። ከስብሰባው ውጭ፣ ቡና ላይ፣ ገበያ ላይ፣ እንደ ልማዳችን አንቺም አንቱም እቴም እንባባል። ያንን የሚነካ የለም።

በደብተሩ ላይ ደግሞ የማዕረግ ዓምዱ ይውጣና የሁሉም ስም ከአባትና ከአያት ጋር ይጻፍ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ስናገባ የባላችንን ስም አንወስድም። ሚስትረስ ፎርድ ተብላ በባሏ ስም የምትጠራዋ እንግሊዛዊት ያላገኘችው ሀብት በእጃችን አለ። እንጠቀምበት።

ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ በኮሚቴው ውስጥም ነበር። አንዲት እናታችን «ወይዘሮ የሚለውን ከስሜ ልታነሱ ነው? ሠላሳ ዓመት ትዳር ይዤ ያገኘሁት ነው» ብለዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእሳቸው ማዕረጉ የሕይወት ሥራ ምስክር ነው። ግን ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠችው አባላችን ባሏ በ2014ቱ ጦርነት ወቅት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ቅጹ ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ከእሷም ቀጥሎ የተፋታች፣ ከዚያም ጨርሶ ያላገባች የአርባ ዓመት ሴት አለች፤ ወ/ሪት ሲባል ሰው ዞሮ ያያታል። አራቱም የሚያስቀምጡት መዋጮ አንድ ነው። ከወጣቶቹ በኩል ደግሞ «እርስዎ ስባል ያረጀሁ ይመስለኛል» ያለች አለች። ለእሷ መልስ የለንም፤ ትለምደዋለች።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። በየሩብ ዓመቱ የምትልኩልን ቅጽ ላይ ከስም በፊት ሚስስ ወይም ሚስ የሚል ምርጫ አለ። ያንን ዓምድ ባዶ ብንልከው ወይም ብታወጡልን ሥራችን ይቀላል። ስንት ባልቴት፣ ስንት የቤት አባወራ ሴት እንዳሉን ማወቅ ከፈለጋችሁ በቀጥታ ጠይቁን፤ ለብቻው በሠንጠረዥ እናቀርባለን። ከስማችን ላይ አትቁጠሩት።

ሐሳቡ ከምሳ በፊት በእጅ ምልክት ድምፅ ይሰጥበታል። አዲሱ መዝገብ ከበሩ አጠገብ፣ ከቡናው ጠረጴዛ ቀጥሎ ተዘርግቷል። ድምፁ ካለፈ እያንዳንዳችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ እየመጣችሁ ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት አስመዝግቡ፤ ፊደሉ ትክክል መሆኑን ራሳችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ማንበብ ለማትችሉ ሁለት ልጆች መድበናል። የኮምቦልቻ አባሎቻችን መኪናችሁ በዘጠኝ ሰዓት ስለሚነሳ ቅድሚያ እንሰጣችኋለን። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ግን አንድ ስም ቀድሞ ተጽፏል፤ የጥር መዋጮዋ የጠፋባት የእህታችን ነው። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አግኝተናቸው የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ጠይቀን ጽፈናል።